የመጀመሪያ ቴሌስኮፕ በትንሽ ገንዘብ፦ ካርቶኑን አትመኑ

ካርቶኑ ላይ «525 እጥፍ ያጎላል» ተብሎ በትልቁ ከተጻፈ እዚያው ተዉት። የምሬን ነው። ማጉላት ቀላሉ ነገር ነው፤ ማንኛውንም ቴሌስኮፕ የፈለጋችሁትን ያህል እንዲያጎላ ማድረግ ይቻላል፣ ግን ባጎላችሁ ቁጥር የምታዩት ነገር እየጨለመና እየደበዘዘ ይሄዳል። ሰማዩ ጥሩ በሆነ ሌሊት እንኳ ልኩ በግምት የዋናው ሌንስ ወይም መስታወት ስፋት በሚሊሜትር ተለክቶ ሁለት ጊዜ ሲባዛ ነው። 60 ሚሊሜትር ከሆነ 120 እጥፍ ማለት ነው። የቀረው ወሬ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስፋቱን ነው። ብርሃን የሚሰበስበው እሱ ነው፣ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ብርሃኑ አራት እጥፍ ይሆናል። ባለ 75 እና ባለ 150 ሚሊሜትር ጎን ለጎን ቢቆሙ፣ በአንዱ ጭጋግ መስሎ የሚታየው የከዋክብት ክምችት በሌላኛው ነጠላ ነጠላ ኮከብ ሆኖ መለየት ይጀምራል።

ቀጥሎ መቆሚያው። ሰው ሁሉ ቱቦውን አይቶ ይገዛና መቆሚያው ያስለቅሰዋል። 100 እጥፍ ስታጎሉ መንቀጥቀጡም አብሮ ይጎላል። ከመግዛታችሁ በፊት ሩቅ ያለ ነገር ላይ አነጣጥሩና ቱቦውን በጣታችሁ መታ አድርጉት። ምስሉ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ካልረጋ ይቅርባችሁ።

በሌንስና በመስታወት ከሚሠሩት የቱ ይሻላል ካላችሁኝ፣ ገንዘቡ ውስን ከሆነ መስታወት። በተመሳሳይ ዋጋ ሰፋ ያለ ታገኛላችሁ። ከመስታወቶቹም እኔ የምመርጠው ዶብሶንያን የሚባለውን ነው። ስሙ የመጣው ከጆን ዶብሰን ነው፤ ሰውየው ሳን ፍራንሲስኮ በገዳም ሲኖር ከመርከብ መስኮት መስታወት፣ ከካርቶን ቱቦና ከእንጨት ትልልቅ ቴሌስኮፖች ይሠራ ነበር። መቆሚያው መሬት ላይ የሚቀመጥ ሳጥን መሰል ነገር ነው፣ በእጅ ወደ ጎንና ወደ ላይ ትገፉታላችሁ፣ አለቀ። ለሞተርና ለኮምፒውተር የምትከፍሉት ነገር ስለሌለ ብራችሁ መስታወቱ ላይ ይውላል። 150 ሚሊሜትሩ ለብዙ ዓመት ይበቃል። ቱቦው ግን 1.2 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ደረጃ የምትወጡ የምትወርዱ ከሆነ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን 114 ወይም 130 ሚሊሜትር ውሰዱ። የሚከብድ ቴሌስኮፕ ቤት ነው የሚቀመጠው። (ፎቶ ማንሳት ካማራችሁ ሌላ ዓለም ነው፣ ሌላ ወጪም ነው፣ ለአሁኑ እርሱት።)

አንድ ወጥመድ አለ። አይፒሱ፣ ማለትም ዓይናችሁን የምታስጠጉበት ትንሹ ሌንስ፣ ቱቦው አፍ አጠገብ በጎን በኩል ሆኖ፣ ቱቦው ግማሽ ሜትር ብቻ ሆኖ፣ የትኩረት ርቀቱ (ብርሃኑ ከመስታወቱ ተነሥቶ ምስል እስኪሠራ የሚሄደው ርቀት) ግን 1000 ሚሊሜትር ከተባለ ተጠንቀቁ። ውስጡ ተጨማሪ ሌንስ ተደርጎበታል ማለት ነው፤ በርካሾቹ ላይ ምስሉን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የማጉያውን ልክ ራሳችሁ አስሉት፦ የቴሌስኮፑን የትኩረት ርቀት አይፒሱ ላይ በሚሊሜትር ለተጻፈው ቁጥር አካፍሉ። 1200 ለ25 ሲካፈል 48 እጥፍ፣ ለ10 ሲካፈል 120። እነዚህ ሁለቱ ካሏችሁ ሌላ ለመግዛት አትቸኩሉ። አይፒሱ የሚገባበት ቀዳዳ 31.7 ሚሊሜትር መሆኑን ግን አረጋግጡ፣ 24.5 ከሆነ በኋላ ጥሩ አይፒስ ፈልጎ ማግኘት ጣጣ ነው።

ያገለገለ መግዛት ጥሩ ሐሳብ ነው። መስታወቱ ላይ አቧራ ብታዩ አትደንግጡ፤ ባትሪ ቢበራበት አዲሱም ያስጠላል። የሚያሳስበው ሽፋኑ ከተላጠ ወይም ከጠቆረ፣ ሌንስ ከሆነ ደግሞ ሻጋታ ካለበት ነው። ዕቃው ውስጥ አይፒስ ላይ የሚጠመድ «የፀሐይ ማጣሪያ» ካገኛችሁ ጣሉት። በሙቀት ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ያኔ ዓይን ይጠፋል። ለፀሐይ የሚሆነው ማጣሪያ ቱቦው አፍ ላይ የሚገጠመው ብቻ ነው።

ሳተርን ከነቀለበቱ ትንሽ ግን ጥርት ብላ ትታያለች። አንድሮሜዳ ጋላክሲ ደግሞ ግራጫ ጭጋግ ናት፣ ፎቶ ላይ ያያችሁትን ቀለም አትጠብቁ። ለመጀመሪያው ምሽት ጨረቃን ምረጡ፣ ሙሉ ሳትሆን ግማሽ ስትሆን፤ ብርሃንና ጨለማ የሚገናኙበት መስመር ላይ የጉድጓዶቹ ጥላ ረዝሞ ይታያችኋል። ቴሌስኮፑን ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ውጭ አውጡት፣ መስታወቱ እስኪቀዘቅዝ ምስሉ ይርገበገባል።