መሬት አሳርፎ ከአሜሪካ መንግሥት ክፍያ ማግኘት እንዴት ይቻላል?

ጦም ያደረ መሬት ሲባል ብዙዎቻችን ሰነፍ ገበሬ ነው የሚታየን። አሜሪካ ውስጥ ግን መሬቱን ሣር ወይም ዛፍ አልብሶ ለሚያሳርፍ ገበሬ መንግሥት በየዓመቱ ኪራይ ይከፍላል። ፕሮግራሙ ሲአርፒ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣ የእርሻ ሕግ የተጀመረ ነው። ተዳፋቱን ጎርፍ እንዳያጥበው፣ ወንዙም እንዳይደፈርስ ታስቦ ነው። እዚያ ገጠር መሬት ያላችሁ፣ ወይም ለመግዛት የምታስቡ፣ አካሄዱ ይኸውላችሁ።

መጀመሪያ መሬቱን እዩት። በባለቤትነት ወይም በአራሽነት ቢያንስ 12 ወር በእጃችሁ የቆየ መሆን አለበት። ትናንት ገዝቶ ዛሬ ክፍያ መጠየቅ የለም። ለአብዛኛው መሬት ደግሞ ሕጉ በሚያያቸው ስድስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አራቱን ሰብል የተዘራበት መሆኑ ይጠየቃል።

ቀጥሎ መሬቱ ወዳለበት ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው) የኤፍኤስኤ፣ ማለትም የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የእርሻ አገልግሎት ኤጀንሲ፣ ቢሮ ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ። መታወቂያ፣ የመሬቱን የባለቤትነት ወረቀት ወይም የኪራይ ውል፣ የግብር መለያ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ ይዛችሁ ሂዱ። የእርሻ ቁጥር ይሰጧችኋል፣ ቅጾችም ያስሞሏችኋል። ኤዲ 1026 የሚባለውን ሳታነቡ እንዳትፈርሙ። ረግረጉን አላደርቅም፣ በቀላሉ የሚሸረሸረውን መሬት ያለ ጥበቃ አላርስም ብላችሁ ቃል የምትገቡበት ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ማመልከቻው። ሁለት ዋና ዋና በሮች አሉት። አንዱ ለወንዝ ዳርቻና ለመሳሰሉት ሲሆን በአብዛኛው ውድድር የለበትም። ሌላው አጠቃላይ ምዝገባ ነው፤ በተወሰነ ጊዜ ይከፈታል፣ ሁሉም በነጥብ ይወዳደራል። የኪራዩ ጣሪያ የሚወጣው ከአፈሩ ዓይነትና ከካውንቲው የመሬት ኪራይ ነው። ከጣሪያው ዝቅ አድርጎ የጠየቀ ነጥብ ያገኛል። የሚዘራው የሣር ዓይነትም ነጥብ አለው። እኔ ብሆን ዋጋውን ከመስበሬ በፊት የተሻለ የአገር በቀል ሣር ድብልቅ እመርጥ ነበር። ምክንያቱም የቀነሳችሁት ዋጋ እስከ ውሉ መጨረሻ አብሯችሁ ይኖራል። ለምሳሌ 40 ኤከር፣ ማለትም 16 ሄክታር ገደማ፣ አላችሁ እንበል። በኤከር 10 ዶላር ብትቀንሱ በ10 ዓመት 4,000 ዶላር ሄደ ማለት ነው።

ካለፋችሁ የጥበቃ ዕቅድ ይዘጋጅላችኋል፣ ከ10 እስከ 15 ዓመት የሚዘልቅ ውል ትፈርማላችሁ። ሣሩን ለማልማት ከሚወጣው ወጪ እስከ ግማሹን መንግሥት ይጋራል። ታዲያ ውሉ ሳይጸድቅ ዘር ገዝታችሁ እንዳትጀምሩ፣ አጉል ኪሳራ ነው።

ክፍያው በየዓመቱ ከኦክቶበር መግቢያ በኋላ ይለቀቃል። ለአንድ ሰው በዓመት ከ50,000 ዶላር አይበልጥም፣ ግብርም አለበት። በበኩላችሁ አረሙን መቆጣጠር የእናንተ ሥራ ነው። ወፎች በሚፈለፍሉበት ወቅት ማጨድ ክልክል ነው። ያለ ፈቃድ ከብት ማስገባትም እንዲሁ።

ውሉን መሀል ላይ ያፈረሰ የተቀበለውን በሙሉ ከነወለዱ ይመልሳል፣ ቅጣትም ይጨመርበታል። መሬቱን ስትሸጡም ያው ነው፤ ገዢው ውሉን ካልተረከበ ዕዳው የሻጩ ነው። ስለዚህ ይህችን ነገር በሽያጭ ውሉ ላይ አጽፏት።