አድማ ከመምታታችሁ በፊት ፔርሙዝ አዘጋጁ

ፒያሳ፣ ከቢሮአችን ሥር ያለ ካፌ ያልጠጣነውን ማኪያቶ ሂሳብ ላይ ይደምርብን ነበር። አደምን። በሦስተኛው ቀን ዝናብ መጣና ሁሉም ተመልሶ ገባ፣ እኔም ጭምር፣ አልዋሽም። ጋንዲ ሆስፒታል ተወልጄ የሰውዬውን፣ ሕንድን ከእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ለማላቀቅ የታገለውን የማህተማ ጋንዲን ሥራ በደንብ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፤ ሁሉንም የሚነካ ይሁን። ጋንዲ እ.ኤ.አ. በ1930 ጨው ሲመርጥ የራሱ ሰዎች ሳይቀሩ ግራ ተጋብተው ነበር። ግን እንግሊዞች ጨው ማምረቱን በእጃቸው አድርገው ቀረጥ ይሰበስቡበት ነበር፣ ጨው ደግሞ ድሃም ሀብታምም ይበላል። በአሞሌ ሲገበያይ ለኖረ አገር ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዚያ በግልጽ ተናገሩ። ሹክሹክታ አያዋጣም። እሱ ጉዞ ሊጀምር ዐሥር ቀን ሲቀረው ለእንግሊዙ እንደራሴ ለሎርድ ኧርዊን ደብዳቤ ጻፈ፣ ሕጉን እንደሚጥስም ነገረው። ሰሚ ሲያጣ ማርች 12 ቀን 80 የሚጠጉ ሰዎች አስከትሎ ከመኖሪያው ከሳባርማቲ ተነሳ፤ 385 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ተጉዞ ኤፕሪል 6 ዳንዲ ባሕር ዳርቻ ላይ ጎንበስ ብሎ ከጭቃው ጨው አነሳ። በቃ፣ ያቺን ጭብጥ። ከዚያ በኋላ በየቦታው ሕዝቡ ጨው ማፍላት ጀመረ፣ 60,000 የሚሆን ሰውም ታሰረ።

ምትኩን አትርሱ፤ እኛን የጣለን እሱ ነው። ጋንዲ የውጭ ጨርቅ ተዉ ሲል ራቁታችሁን ሂዱ አላለም። ካዲ የሚባለውን በእጅ የተፈተለ ጨርቅ ልበሱ አለ፣ ራሱም ይፈትል ነበር። እናቱ እንዝርት ስታሾር ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

መቼ እንደምታቆሙም ቀድማችሁ ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ1922 ቻውሪ ቻውራ የምትባል የሕንድ ከተማ ውስጥ ሰልፈኞች ፖሊስ ጣቢያ አቃጥለው 22 ፖሊሶች ሲሞቱ ጋንዲ አገር ያንቀሳቀሰውን ዘመቻ አስቆመ። ብዙ ጓዶቹ ተናደውበታል። እኔ ግን ከጨው ጉዞው ይልቅ የከበደው ይሄ ይመስለኛል። ከእናንተም አንዱ አስተናጋጇን ከሰደበ ያን ቀን ተዉት፤ ሂሳቡን የምትደምረው እሷ አይደለችም።

በሁለተኛው ሙከራ ባለቤቱ ዘንድ ሄደን «ጋሼ፣ ከሰኞ ጀምሮ እዚህ አንጠጣም፤ ሂሳቡ ሲስተካከል እንመለሳለን» አልነው። ሳቀብን። ሰኞ ጠዋት ሁለት ፔርሙዝ ቡና ከቤት መጣ። ስኒ ያመጣ ግን አልነበረም።