የተዝረከረከ ኤስኪውኤል በኤስኪውኤልፍላፍ እንዴት ይስተካከላል?

ሰው ጽፎት የሄደውን ኩዌሪ (በኤስኪውኤል ለዳታቤዝ የሚጻፍ ትእዛዝ) ተረክባችሁ ታውቃላችሁ? ግማሹ «ሰሌክት» በካፒታል፣ ግማሹ በስሞል፣ ኮማው አንዴ መስመሩ ፊት አንዴ ኋላ፣ መሃል ላይ ደግሞ ስክሪኑን አልፎ የሚሄድ አንድ ረጅም መስመር። እኔ ድሮ በእጄ ነበር የማስተካክለው። አንድ ቅዳሜ ሙሉውን በላኝና ተውኩት።

አሁን የምጠቀመው ኤስኪውኤልፍላፍን ነው፤ የኤስኪውኤል ኮድን አጻጻፍ የሚፈትሽና የሚያስተካክል መሳሪያ። ነፃ ነው፣ በፓይተን የተሰራ ነው፣ የሚሰራውም በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ነው። ኩዌሪ ፔስት አድርጋችሁ የሚያስተካክሉላችሁ ድረ ገጾችም አሉ፤ ለልምምድ ይሁኑ፣ የደንበኛ ስልክ ቁጥር ያለበትን የመስሪያ ቤት ኩዌሪ ግን እዚያ ላይ ባትለጥፉ ይሻላል።

ፓይተን ካላችሁ መጫኑ አንድ መስመር ነው፦ ፒፕ ኢንስቶል ኤስኪውኤልፍላፍ። (ትእዛዞቹን እዚህ በኛ ፊደል ብጽፋቸውም ተርሚናሉ ላይ በላቲን ነው የምትጽፏቸው።)

ቀጥሎ ፕሮጀክታችሁ ፎልደር ውስጥ ስሙ በነጥብ የሚጀምር፣ ከነጥቡ በኋላ የመሳሪያው ስም ብቻ የሆነ የሴቲንግ ፋይል ፍጠሩ። እዚያ ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው «ዲያሌክት»፣ ማለትም የዳታቤዛችሁ ዓይነት ነው። ፖስትግሬስ ነው? ማይኤስኪውኤል ነው? ቢግኩዌሪ? ይህን ካልነገራችሁት ስራ አይጀምርም። ተሳስታችሁ ከነገራችሁት ደግሞ ደህናውን ኮድ ሁሉ «አልገባኝም» ይላችኋል። ያልገባው ክፍል ያለበትን ፋይል ካላስገደዳችሁት በቀር አይነካውም፤ ስለዚህ አስተካክል የሚለውን ትእዛዝ ሰጥታችሁ «ፊክስ አልኩት፣ ምንም አልተቀየረም» የምትሉ ከሆነ መጀመሪያ ይህንን እዩ።

ከዚያ «ሊንት» በሉት። ሊንት የሚናገር እንጂ የሚነካ አይደለም፦ የትኛው መስመር ላይ የትኛው ህግ እንደተጣሰ ይዘረዝራል። ኤልቲ የሚሉት ኮዶች ስለ አቀማመጥና ክፍት ቦታ ናቸው፣ ሲፒ የሚሉት ስለ ትልቅና ትንሽ ፊደል። የመጀመሪያው ዝርዝር ረጅም ይሆናል፤ አትደንግጡ፣ ብዙው የስፔስ ጉዳይ ነው። መስመር ከ80 ፊደል አይለፍ የሚለው ህግ ግን ለኔ በጣም ጠባብ ነው፣ 120 አድርጌዋለሁ።

አሁን እኔ የወደቅኩበት ቦታ ጋ ደረስን።

የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለውም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል፣ የካፒታልና የስሞል ነገር ለኔ የውበት ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሴቲንጉ ላይ ሁሉም ስም በስሞል ይሁን አልኩና መላውን ፎልደር በአንዴ ፊክስ አልኩት። ማይኤስኪውኤል ነበር፣ ላፕቶፔ ዊንዶውስ ነው። ሞከርኩት፣ ሰራ። አምሮብኝ ሐሙስ ማታ ሰርቨር ላይ ጫንኩትና ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ስህተት ቁጥር 1146 ብቻ፣ ቴብሉ የለም፣ ቴብሉ የለም፣ ቴብሉ የለም። ቴብሎቹ ግን ቁጭ ብለዋል! አለቃዬ «ምን ነካችሁ?» ሲለኝ «ስፔስ ነው ያስተካከልኩት» ማለት እንዴት እንደሚያሳፍር አትጠይቁኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማይኤስኪውኤል ቴብሎችን ዲስክ ላይ በፋይል መልክ ያስቀምጣል፣ ስለዚህ የስማቸው ነገር በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ይወሰናል። ዊንዶውስ ላይ በካፒታል ጀመረ በስሞል ግድ የለውም። ሰርቨሬ የሚሰራበት ሊነክስ ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። የኮለም ስም ላይ ይህ ችግር የለም፤ የቴብልና ለቴብል የምትሰጡት አጭር ስም ላይ ነው ጉዱ። «ፎርማት» የሚባል ከፊክስ ቀለል ያለ ትእዛዝም አለ፣ ግን እሱም ውስጥ ይሄው የፊደል ህግ ስላለ አያድናችሁም።

ስለዚህ ሴቲንግ ፋይሉ ላይ «ኤክስክሉድ ሩልስ» በሚለው ስር ሲፒ02ን፣ ማለትም የስሞችን ፊደል የሚቀይረውን ህግ፣ አስወጡት። ሲፒ01 ግን ባለበት ይቆይ፣ እሱ ሰሌክትና ፍሮምን የመሳሰሉትን ቃላት ብቻ ነው የሚነካው።

ይህ ካለቀ አንድ ፋይል ብቻ ፊክስ በሉ። አዳዲሶቹ ቨርዥኖች ሳይጠይቁ ነው ፋይሉን የሚቀይሩት፣ ስለዚህ መጀመሪያ ያላችሁን ስራ ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው መሳሪያ) ላይ ኮሚት አድርጉ፣ ማለትም መዝግቡ፣ ከዚያ ምን እንደተቀየረ በጊት ዲፍ በዓይናችሁ እዩት። ሙከራውንም ሰርቨሩን በሚመስል ማሽን ላይ፤ ሰርቨሩ ሊነክስ ከሆነ ሊነክስ ላይ። እንዲህ እያላችሁ ፎልደር በፎልደር ቀጥሉ።

የማስተካከያውን ኮሚት ከሌላ ስራ ጋር አትቀላቅሉት። አለበለዚያ ነገ መስመሩን ማን እንደቀየረው ለማወቅ ጊት ብሌም የሚል ሰው መስመሩን ሁሉ በእናንተ ስም ነው የሚያገኘው። ጊት ከ2.23 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ኮሚቶችን እንዲዘል በፋይል ዘርዝራችሁ ልትነግሩት ትችላላችሁ።

ሆን ብላችሁ በራሳችሁ አቀማመጥ የጻፋችሁት መስመር ካለ መጨረሻው ላይ በኮሜንት «ኖኳ» (ኤን፣ ኦ፣ ኪው፣ ኤ) ብላችሁ እለፉት። እኔ አንድ ሪፖርት ውስጥ ሦስት አሉኝ፣ አልነካቸውም።