የሚጮህ ግን የማይሮጥ መኪና፦ የኮልድ ኤር ኢንቴክ ችግርና መፍትሄ

ስፖርት መኪና የገዛ ሰው እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ማርሚታው ነው፣ ሌላው የአየር ማስገቢያው፣ ማለትም ኮልድ ኤር ኢንቴክ የሚባለው ቱቦና ፊልትሮ። የአየር ማስገቢያው ከሌላው ማሻሻያ ሲነጻጸር ርካሽ ነው። ለመግጠም ካቻቢቴና ጥቂት ቁልፍ ይበቃል። ኮፈኑ ሲከፈትም ያምራል። ጣጣው የሚመጣው ከተገጠመ በኋላ ነው። ቼክ ኢንጂን ይበራል፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዙር) ይንቀጠቀጣል፣ ወይ ደግሞ መኪናው መጮህ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እዚህ የምጽፈው አሜሪካ መንገድ ላይ በብዛት ከሚታየው ከፎርድ ማስታንግ ጂቲ ተነስቼ ነው። ከ2011 ሞዴል ጀምሮ ያለው ባለ 5 ሊትር ቪ8፣ ኮዮቲ የሚባለው ሞተር። ሌላ መኪና ላላችሁም አብዛኛው ይሠራል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ኢንቴክ ሲመረጥ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የፈረስ ጉልበት እርሱት። የአየር መለኪያው የሚቀመጥበትን ቱቦ ስፋትና ፊልትሮው የሚያርፍበትን ቦታ እዩ። ከታች ያሉት ችግሮች ከሞላ ጎደል ከእነዚህ ከሁለቱ ነው የሚነሱት።

ከመጀመራችን በፊት የመኪናው ኮምፒውተር የሚነበብበት ኦቢዲ 2 ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ የብሉቱዝ ማንበቢያ ግዙና ስልካችሁ ላይ አፕ ጫኑ። ከ1996 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የተሸጠ የቤት መኪና ሁሉ ሶኬቱ አለው፣ ከመሪው በታች። ያለ እሱ የሚደረገው ሁሉ ግምት ነው።

ምልክት፦ ቼክ ኢንጂን በራ፣ ኮዱም ፒ0171 እና ፒ0174 ነው

ይኼ የኢንቴክ በሽታ ቁጥር አንድ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ሁለቱ ኮዶች የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ ከሚገባው አየር አንጻር ቤንዚኑ አንሷል። የመጀመሪያው የአንዱን የሲሊንደር ረድፍ፣ ሁለተኛው የሌላውን ነው። ሁለቱም አብረው ከመጡ ጥፋቱ ሁለቱ ረድፎች የሚጋሩት ቦታ ላይ ነው። አዲሱ ቱቦ ማለት ነው። አንዱ ብቻ ከመጣ ኢንቴኩን ከመወንጀላችሁ በፊት ያንን የሞተር ጎን ፈትሹ።

ለምን ይሆናል? ኮዮቲ በደቂቃ 7000 ሲዞር ወደ 17 ሺህ ሊትር አየር ይስባል። ኮምፒውተሩ የቤንዚኑን ልክ የሚወስነው የአየር መለኪያው፣ ኤም ኤ ኤፍ ሴንሰር የሚባለው፣ በሚነግረው መሠረት ነው። ሴንሰሩ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚግል ቀጭን ነገር አለ። አየር ሲያልፍ ያቀዘቅዘዋል። ግለቱን ለመጠበቅ ስንት ኤሌክትሪክ እንደሚያስፈልግ ታይቶ የአየሩ መጠን ይሰላል። ሴንሰሩን በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሰው እንደሚቆጥር ዘበኛ አስቡት። ዘበኛው የሚያየው ከፊቱ የሚያልፈውን ብቻ ነው። የቀረውን የሚገምተው የበሩን ስፋት ስለሚያውቅ ነው።

አሁን ሰፊ ቱቦ ገጠማችሁ። ለምሳሌ የውስጥ ስፋቱ ከ80 ሚሊ ሜትር ወደ 90 አደገ እንበል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። የአየር መተላለፊያው ግን በ27 ከመቶ ሰፋ። ያው አየር በሰፊው ቱቦ ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ሴንሰሩ አሳንሶ ያነባል። ኮምፒውተሩም አሳንሶ ቤንዚን ይሰጣል። ከዚያ የጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ስህተቱን ያይና ማካካሻ ይጨመራል። ማካካሻው ከልክ ሲያልፍ መብራቱ ይበራል።

አፑ ላይ ሎንግ ተርም ፊውል ትሪም የሚለውን ክፈቱ። ከዜሮ ወዲያና ወዲህ ጥቂት ቢል ችግር የለም። ከ10 በላይ በፕላስ ከቆመ የሆነ ነገር አለ። ከዚያ ሚኒሞ ላይ ያለውንና በደቂቃ 2500 ዙር ላይ ያለውን አወዳድሩ። ሁለቱም ላይ ከፍ ካለ የቱቦው ስፋት ከኮምፒውተሩ ስሌት ጋር አልገጠመም። ሚኒሞ ላይ ከፍ ብሎ ዙር ሲጨምር የሚወርድ ከሆነ ግን አየር የሚገባበት ሌላ ቀዳዳ አለ። ወደሚቀጥለው ምልክት እለፉ።

መፍትሄው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ኢንቴኩ ቱን (የኮምፒውተሩን ስሌት መቀየር) የሚፈልግ ዓይነት ከሆነ ኮምፒውተሩን ለዚያ ኢንቴክ ልክ በተሠራ ፋይል ማስተካከል። ለዚያው ኢንቴክ ነው ያልኩት፤ የሌላ ብራንድ ፋይል አይሆንም። ሁለተኛ፣ መመለስና ቱን የማይፈልገውን መግዛት። ይኼኛው መለኪያው ያለበትን ቦታ በፋብሪካው ስፋት ጠብቆ የተሠራ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ መኪናውን በየቀኑ ለሥራ ለሚነዳ ሰው ሁለተኛው ይሻላል። ጉዳዩ እስኪለይ ግን ነዳጅ እስከ መጨረሻው አትርገጡ። ቤንዚን ባነሰው ድብልቅ ላይ ጭነት ሲበዛ ፒስተን ይጎዳል።

ምልክት፦ ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል፣ መኪናው ሲቆም ሊጠፋ ይላል

ዘበኛውን ሳያልፍ በአጥር የዘለለ አየር አለ ማለት ነው። መጀመሪያ የምጠረጥረው ከቱቦው ወደ ሞተሩ የቫልቭ ክዳን የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ ነው። የሞተሩ ውስጥ ጋዝ የሚተነፍስበት መስመር ነው። አዲሱ ኢንቴክ ላይ መሰኪያው ጠበብ ወይ ሰፋ ስለሚል ብዙ ጊዜ እስከ ጫፉ ሳይገባ ይቀራል። ላዩን ሲያዩት የገባ ይመስላል። በጣታችሁ ያዙና ሳብ አድርጉት። ከተነቃነቀ አልገባም።

ቀጥሎ የሲሊኮን መገጣጠሚያውንና ፋሼታዎቹን (ቱቦውን አጥብቀው የሚይዙትን ቀለበቶች) እዩ። ፋሼታው ከላይ ጠብቆ ታች ግን ከሲሊኮኑ ጠርዝ ሾልኮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመብራትና በመስታወት ከሥር ተመልከቱ። ሌላም አለ። ነዳጅ ስትሰጡ ሞተሩ በማቀፊያው ላይ ዘንበል ይላል። ቱቦው በጣም አጥሮ ከተገጠመ ያን ጊዜ ይሳብና ይከፈታል። ቆሞ ሲታይ ጤነኛ ነው፣ ሲነዳ ግን ያመዋል። ፋሼታዎቹን አላልታችሁ ቱቦው በራሱ የሚያርፍበትን ቦታ አስይዙት፤ ከዚያ አጥብቁ። ማጥበቅ ስል እስኪሰነጠቅ አይደለም። ፕላስቲክ ነው።

በመጨረሻ ራሱን ሴንሰሩን። ከአሮጌው ሳጥን ሲወጣ ቀጭኗ የጎማ ቀለበት እዚያው ትቀራለች ወይ ታጥፋ ትገባለች። ሴንሰሩ ላይ የአየር አቅጣጫ ቀስት ካለ ወደ ሞተሩ ማመልከት አለበት። ይህ ሁሉ ታይቶ ካልተገኘ ጋራዥ ሄዳችሁ የጭስ ምርመራ አሠሩ። መስመሩ ውስጥ ጭስ ይነፋል፤ ቀዳዳው ራሱን ያሳያል። በጋለ ሞተር ላይ ተቀጣጣይ ስፕሬይ እየረጩ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። አልመክርም።

አፑ የሚገባው አየር ሙቀት ከዜሮ በታች 40 ነው ካለ ደግሞ ብዙ አትመራመሩ። በሴልሺየስም በፋራናይትም ያው 40 ነው። በሐምሌ እንዲህ ካለ ሶኬቱ አልተሰካም ወይም ሽቦው ተቆርጧል።

ምልክት፦ ጠዋት ይከንፋል፣ ከሰዓት ትራፊክ ላይ ይሞታል

በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ 495 ሃይዌይ ላይ የቆመ ሰው ይህን ያውቀዋል። መንገዱ ሲከፈት ነዳጅ ይሰጣል፣ መኪናው ይጮሃል፣ አይሄድም። ስሙ ኮልድ ይላል እንጂ ፊልትሮው የሚስበው ከራዲያተሩ ጀርባ ያለውን የጋለ አየር ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ውጭው 90 ፋራናይት ሆኖ ኢንቴኩ የ140 አየር ከሳበ፣ አየሩ በ8 ከመቶ ገደማ ይሳሳል። የ2015 ጂቲ 435 የፈረስ ጉልበት አለው። ከዚያ ላይ 8 ከመቶ ቀንሱ። ሞተሩ እንዳይንኳኳም ኮምፒውተሩ የካንዴላውን ሰዓት ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ስለዚህ ኪሳራው ከዚያም ያልፋል።

ቆሞ የጋለ መኪና ሁሉ አየሩ ይሞቃል፣ የፋብሪካውም ጭምር። ስለዚህ ፍርዱ ያለው ሃይዌይ ላይ ነው። በደንብ እየሄዳችሁ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሚገባው አየር ከውጭው በ10 ወይ በ15 ፋራናይት ብቻ ከፍ ካለ ኢንቴኩ ደህና ነው። በ30 እና በ40 በልጦ ከቀረ ከኮፈኑ ሥር እየሳበ ነው።

ብዙ ኢንቴኮች ፊልትሮውን የሚከልል ሦስት ግድግዳ ብቻ አላቸው። ጣሪያው ኮፈኑ ነው፤ በግድግዳው ጠርዝ ላይ ያለው ላስቲክ ኮፈኑን ነክቶ መዝጋት አለበት። ይዘጋል ወይ? ላስቲኩ ላይ የሕፃን ፓውደር ቀቡ፣ ኮፈኑን ዝጉ፣ መልሳችሁ ክፈቱ። ኮፈኑ ውስጠኛ ላይ ነጭ መስመር ሳይቋረጥ ከታተመ ዘግቷል። መስመሩ የተቋረጠበት ቦታ ላይ ሙቀት ይገባል። ወፈር ያለ ላስቲክ ጨምሩበት። ገና ካልገዛችሁ ግን ክዳን ያለው ሙሉ ሳጥን ግዙ። አያምርም፣ ይሠራል። የአሉሚኒየም ቱቦ ይግላል የሚለው ክርክር ግን እምብዛም አያሳስብ። ነዳጅ ሲሰጥ አየሩ እዚያ ውስጥ የሚቆየው ለቅጽበት ነው። ወሳኙ ፊልትሮው የት ቆሞ እንደሚስብ ነው።

ምልክት፦ ምንም ችግር የለውም፣ ለውጥም የለውም

ምክንያቱ የሚያበሳጭ ነው። የፋብሪካው ሳጥን አልበደለም። አዲሶቹ ስፖርት መኪናዎች አየር የሚስቡት ከፊት ከፓራውልቱ በላይ ነው፣ ቀዝቃዛ አየር። የሻጩ ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚለካው ኮፈን ተከፍቶ፣ ትልቅ ማራገቢያ ፊት ለፊት ተደቅኖ ነው። እናንተ ኮፈን ከፍታችሁ አትነዱም።

ከመግዛታችሁ በፊት ልታውቁት ትችላላችሁ። መኪናችሁ ማፕ ሴንሰር (የአየር ግፊት መለኪያ) ካለው ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍታችሁ ግፊቱን አንብቡ። የባሕር ጠለል አካባቢ 100 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይላል። ከዚያ በተፈቀደ ቦታ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ረግጣችሁ ከፍተኛ ዙር ላይ ያለውን መዝግቡ። 97 ካለ ከፊልትሮው እስከ ሞተሩ መግቢያ ድረስ የጠፋው 3 ብቻ ነው። በዓለም ምርጡ ኢንቴክ እንኳ ሊመልስላችሁ የሚችለው ከዚያች 3 ላይ ቆንጥሮ ነው። ኦሮራ ወይም ዴንቨር ያላችሁ ቁልፉን ስትከፍቱ 83 ገደማ ብታዩ አትደንግጡ፣ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ቢሆን 76 አካባቢ ነበር የሚለው። ከፍታ የወሰደውን ኢንቴክ አይመልስም፤ እሱን የሚመልሰው ተርቦ ወይም ሱፐርቻርጀር ነው።

ድምፁን ፈልጋችሁ ከገዛችሁ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ድምፁ እውነት ነው፣ ገንዘባችሁም ነው።

ምልክት፦ ፊልትሮው ከታጠበ በኋላ መብራት በራ

ዘይት የሚቀባው የጥጥ ፊልትሮ ነው። ዘይቱ ሲበዛ ከአየሩ ጋር ሄዶ ሴንሰሩ ላይ ይለጠፋል። ሴንሰሩን ለማጽዳት ለኤም ኤ ኤፍ ተብሎ የተሠራውን ስፕሬይ ተጠቀሙ። የፍሬን ማጽጃ አይሆንም። የሴንሰሩን ቀጭን ሽቦ በጨርቅም በጣትም አትንኩ። በደንብ እስኪደርቅ ጠብቃችሁ ስኩት። ይህ ጣጣ አይመቸኝም ካላችሁ ዘይት የማይቀባውን ደረቅ ፊልትሮ ምረጡ። አቧራና አሸዋ ያለበት አገር ለምትነዱ፣ ዱባይም ሆነ አዲስ አበባ፣ ያለማመንታት ደረቁን እላለሁ።

ምልክት፦ ውሃ ውስጥ ገብቶ ቀጥ አለ

አንዳንድ ኢንቴክ ቀዝቃዛ አየር ፍለጋ ፊልትሮውን ወደ ታች፣ ከጎማው ፊት ያወርደዋል። ደረቅ መንገድ ላይ ከሁሉም የተሻለ ቦታ ነው። ዝናብ ሲበረታ እንደ ዋሽንግተን ዲሲው ሮክ ክሪክ ፓርክዌይ ውሃ የሚይዝ መንገድ ላይ ግን አደጋ ነው። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ፒስተኑ ሲወጣ ቢየላው (ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ) ይታጠፋል።

መኪናው ውሃ ውስጥ ከጠፋ እንደገና ለማስነሳት አትሞክሩ። ሁለተኛው ሙከራ ጉዳቱን ያባብሰዋል። አስጎትታችሁ ውሰዱት፤ ካንዴላዎቹ ወጥተው ውሃው ይተፋ፣ ዘይቱም ይታይ። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ፊልትሮው ላይ የሚለበስ ውሃ የሚገፋ ጨርቅ ይሸጣል። ለፍንጣቂ ይሆናል፣ ለኩሬ አይሆንም።

ምልክት፦ መኪናው ደህና ነው፣ ወረቀቱ አላለፈም

ካሊፎርኒያ ያላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ኢንቴኩ የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ የሚሰጠው የኢ ኦ ቁጥር (የፈቃድ ቁጥር) እንዳለው እዩ። ቁጥሩ ለመኪናችሁ ዓመትና ሞተር የተሰጠ መሆን አለበት። ተለጣፊው ኮፈን ሥር በሚታይ ቦታ ይለጠፍ። የስሞግ (የጭስ ብክለት) መርማሪው በዓይኑ ይፈልገዋል፤ ኢንቴኩ ቢያምር እሱ ምን ገዶት።

ሜሪላንድና ሰሜን ቨርጂኒያ ያለው ምርመራ ደግሞ ኮምፒውተሩን ያነባል። ኮዱን ትናንት አጥፍታችሁ ዛሬ ብትሄዱ መኪናው ራሱን ፈትሾ ስላልጨረሰ ይመልሷችኋል። ከተማም ሃይዌይም ቀላቅላችሁ ጥቂት ቀን ንዱት። አፑ ላይ ሬዲነስ የሚለው ሁሉ ዝግጁ ሲል ሂዱ።

ዋስትናን በተመለከተ በ1975 የወጣው የማግኑሰን ሞስ ሕግ አለ። ሌላ ዕቃ ስለገጠማችሁ ብቻ ዋስትና አይሰረዝም። ጉዳቱን ያመጣው ያ ዕቃ መሆኑን ማሳየት ዋስትናውን የሰጡት ሰዎች ፋንታ ነው። ውሃ የሳበ ሞተር ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን ያንን ለማሳየት አይቸገሩም። የፋብሪካውን ሳጥን፣ ቱቦና ብሎኖች በአንድ ካርቶን አድርጋችሁ አስቀምጡ። መኪናውን የምትሸጡበት ቀን ሲመጣ ገዢው መጀመሪያ ከሚጠይቃችሁ ነገር አንዱ እሱ ነው።