ኤች ዋን ቢ የስራ ቪዛ፦ ከመጀመሪያው ወረቀት እስከ መግቢያው ቀን

"ኤች ዋን ቢ ማመልከት ፈልጌ ነበር፣ ፎርሙ የት ነው ያለው?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፣ እና መልሱ ሁሌም አንድ ነው፣ ሂደቱን ለመጀመር እናንተ ምትሞሉት ፎርም የለም። ይሄን ቪዛ ሚጠይቀው አሜሪካ ያለ ቀጣሪ ነው፣ እናንተን ስም ጠርቶ፣ ለዚህ ስራ ለዚህ ደሞዝ ፈልጌያቸዋለሁ ብሎ። ስለዚ "ይሄን ያህል ክፈልና ቪዛውን አስወጣልሃለሁ" ሚል ሰው ከመጣ ስራውም ቀጣሪውም የለም ማለት ነው፣ እባካችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ። የናንተ ስራ ሁለት ነው፣ ወረቀታችሁን ማስተካከል እና ስፖንሰር ሚያደርግ ቀጣሪ ማግኘት፣ የቀረው ስትከታተሉት በነሱ በኩል ሚሄድ ነገር ነው።

መጀመሪያ ስራው ራሱ ቢያንስ የባችለር ዲግሪ ሚጠይቅ መሆን አለበት፣ ያውም ዝም ብሎ ዲግሪ ሳይሆን ከስራው ጋር ሚገናኝ ዲግሪ። ሲቪል ኢንጂነር ሆናችሁ በሲቪል ኢንጂነርነት ከተቀጠራችሁ ችግር የለም፣ በአካውንቲንግ ተመርቃችሁ ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ልትሆኑ ከሆነ ግን ግንኙነቱን ማስረዳት ይጠበቅባችኋል። ዲግሪ የሌለው ሰውም ሙሉ በሙሉ በሩ አልተዘጋበትም፣ በሙያው የሰራው ሶስት አመት እንደ አንድ የትምህርት አመት ሊቆጠርለት ይችላል፣ ግን አስራ ሁለት አመት በሙያው መስራታችሁን በወረቀት ማሳየት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ወረቀቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ሚጎዳው እዚህ ነው። ከአሜሪካ ውጪ የተማራችሁት ትምህርት በኢቫልዌሽን ድርጅት ከአሜሪካ ዲግሪ ጋር ተነጻጽሮ እኩል ነው ሚል ሪፖርት ያስፈልገዋል፣ ለዚህ ደሞ ዲግሪውም ትራንስክሪፕቱም ያስፈልጋል። ትራንስክሪፕት ከዩኒቨርሲቲ ማውጣት ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል ቀጣሪ ሳታገኙ በፊት አውጡና አስቀምጡት። ቀጥሎ ስማችሁን እዩ፣ የኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ እንደጸሀፊው ነው፣ "ፀሐይ" ዲግሪው ላይ በቲ ጀምሮ ፓስፖርቱ ላይ በኤስ ጀምሮ የተጻፈበት ሰው አውቃለሁ፣ ሁለቱ ወረቀት ላይ ሁለት አይነት ሰው ነበር ሚመስለው። ፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን ዋና አድርጋችሁ ያዙና ሌላው ከሱ ከተለየ አንድ ሰው መሆናችሁን ሚገልጽ ማስረጃ ከአሁኑ አዘጋጁ።

የስራ ልምድ ደብዳቤም እንደዛው ነው። የኔን የመጀመሪያ ደብዳቤ ጉዳዬን የያዘችው ሎየር ስታየው "ይሄ ምንም አይልም" ነው ያለችኝ፣ እውነቷን ነው፣ "ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በታማኝነትና በትጋት አገልግሏል፣ በቀጣይ ህይወቱም መልካሙን ሁሉ እንመኝለታለን" ይላል፣ ማህተሙ ቆንጆ ነው፣ ግን ምን እሰራ እንደነበር አንድ መስመር የለበትም። ተመልሼ የስራ መደቡን፣ በየቀኑ ምሰራውን፣ ምጠቀማቸውን ሲስተሞች፣ የሙሉ ሰአት ሰራተኛ መሆኔን እና የፈረመውን ሃላፊ አድራሻ አስገብተው እንዲጽፉልኝ ለመንኩ። እናንተ ስራ ስትለቁ፣ ሃላፊያችሁ እዛው እያለ አስጽፉ።

ቀጣሪን በተመለከተ ከዚህ በፊት ስፖንሰር ያደረገ ላይ አተኩሩ። ዲፓርትመንት ኦፍ ሌበር (የአሜሪካ የሰራተኛ ጉዳይ መስሪያ ቤት) የትኛው ድርጅት ለየትኛው ስራ በስንት ደሞዝ እንደጠየቀ በይፋ ይለቃል፣ ማንም አውርዶ ማየት ይችላል፣ በሙያችሁ ስም ፈልጉበት። እና ብዙ ሰው ማያውቀው፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከነሱ ጋር የተያያዙ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች (ብዙ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች እዚህ ውስጥ ይገባሉ) እና ለትርፍ ያልቆሙ ወይም የመንግስት የሆኑ የምርምር ተቋማት ቀጥሎ ምነግራችሁ ሎተሪ (እጣ) ውስጥ አይገቡም፣ በአመቱ በማንኛውም ጊዜ ማመልከት ይችላሉ። ሀኪም፣ ተመራማሪ ወይም አስተማሪ ከሆናችሁ እኔ ብሆን ከነሱ ነበር ምጀምረው።

ሌላው ቀጣሪ ግን በኮታ ነው። በአመት 65 ሺህ፣ ከዛ ላይ ደሞ አሜሪካ ውስጥ ማስተርስና ከዛ በላይ ለተማሩ 20 ሺህ። ቀጣሪው ማርች ውስጥ ኦንላይን ይመዘግባችኋል፣ ክፍያው 215 ዶላር ነው፣ ምዝገባው ከቦታው ስለሚበዛ እጣ ይወጣል። በ2025 ማርች ከ330 ሺህ በላይ ገብቶ የተመረጠው ወደ 120 ሺህ ገደማ ነበር። አሁን እጣው በፓስፖርታችሁ በኩል በሰው ስለሚቆጠር አምስት ድርጅት ቢያስመዘግባችሁም ብቻውን እድላችሁን አያበዛም፣ ሁሉም ጋር ያው አንድ ፓስፖርት መሆን አለበት። ከ2026 ምዝገባ ጀምሮ ደሞ የደሞዝ ደረጃ (ከአንድ እስከ አራት፣ አራተኛው ትልቁ ነው) ገብቶበታል፣ አራተኛው ደረጃ ላይ ያለ ሰው አራት ጊዜ ሲገባ አንደኛው ላይ ያለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ሚገባው፣ ስለዚ ስለ ደሞዝ ስትደራደሩ የስራ መደቡ በስንተኛ ደረጃ እንደተቀመጠ ጠይቁ።

ከሁሉ በላይ ነገሩን የቀየረው ግን የ100 ሺህ ዶላሩ ክፍያ ነው። ከሴፕቴምበር 21 ቀን 2025 ጀምሮ አሜሪካ ውጪ ላለ ሰው ሚገባ አዲስ ፔቲሽን (ቀጣሪው ለመንግስት ሚያስገባው ማመልከቻ) ላይ ቀጣሪው ይሄን እንዲከፍል በአዋጅ ታዟል፣ የወጣው ለ12 ወር ተብሎ ነው፣ ሊራዘም ይችላል፣ ለአገር ጥቅም ተብሎ ሚሰጠው ልዩ ፈቃድም ጠባብ ነው። በ2025 ኦክቶበር በወጣው መመሪያ መሰረት ግን እዛው አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ስታተስ (የመቆያ ፈቃዱን አይነት) ለሚቀይር፣ ለምሳሌ በኤፍ ዋን (በተማሪ ቪዛ) ተምሮ ኦፒቲ (ተማሪ ከተመረቀ በኋላ ሚሰራበት ጊዜያዊ ፈቃድ) ላይ ላለ ሰው፣ አይመለከትም። ለዛ ነው አሁን ገና ምታስቡ ልጆች ካላችሁ በትምህርት በኩል ያለውን መንገድ በደንብ አስሉት ምለው፣ ኦፒቲ አንድ አመት ነው፣ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዘርፍ ከሆነ 24 ወር ይጨመርበታል፣ ያ ማለት እጣውን ከአንድ ጊዜ በላይ መሞከር ትችላላችሁ።

ከተመረጣችሁ ቀጣሪው መጀመሪያ ዲፓርትመንት ኦፍ ሌበር ጋር ኤልሲኤ ሚባለውን የደሞዝና የስራ ሁኔታ ማረጋገጫ ያስጸድቃል፣ ሰባት የስራ ቀን ይፈጃል፣ እዛ ላይ ቀጣሪው በአካባቢው ለስራው ሚከፈለውን ወይ ራሱ ለሌሎች ሰራተኞቹ ሚከፍለውን፣ ከሁለቱ ትልቁን፣ እከፍላለሁ ብሎ ይፈርማል። ከዛ ከኤፕሪል 1 ጀምሮ ፔቲሽኑን ያስገባል፣ ስራው ሚጀመረው ኦክቶበር 1 ነው።

ክፍያው ላይ ጠንከር በሉ። 1,500 ዶላር (ትንሽ ድርጅት ከሆነ 750) የስልጠና ክፍያ አለ፣ ይሄን ሰራተኛው እንዲከፍል በህግ የተከለከለ ነው፣ 500 ዶላር ያለው የማጭበርበር መከላከያውም ሌላውም ዋና ክፍያ የቀጣሪው ወጪ ነው። አንድ ጓደኛዬ ስራ ከጀመረ በኋላ በየወሩ ከደሞዙ "የኢሚግሬሽን ወጪ" እየተባለ ይቆረጥበት ነበር፣ ቪዛዬን ያበላሹብኛል ብሎ ፈርቶ ለወራት ዝም አለ፣ ያንን ፍርሀት ሳስበው እስካሁን ይከነክነኛል። ደግሞ ስራ የለም ብለው ያለ ደሞዝ ቁጭ ሊያደርጓችሁ አይችሉም፣ ደሞዙ መከፈል አለበት። ይሄ ከገጠማችሁ የደሞዝ ወረቀታችሁን ሁሉ አስቀምጡና በ12 ወር ውስጥ ለዲፓርትመንት ኦፍ ሌበር አቤቱታ አቅርቡ። የኤልሲኤው ኮፒ ስራ በጀመራችሁበት ቀን እጃችሁ መግባት አለበት፣ ካልሰጧችሁ ጠይቁ።

ውጪ ያላችሁ ፔቲሽኑ ሲጸድቅ ዲኤስ 160 ሚባለውን የቪዛ ፎርም ሞልታችሁ 205 ዶላር ከፍላችሁ ኤምባሲ ኢንተርቪው ትገባላችሁ። ጥያቄው ስለ ስራው ነው፣ ድርጅቱ ምን ይሰራል፣ እናንተ ምን ልትሰሩ ነው፣ የት ከተማ፣ በስንት። በራሳችሁ ቋንቋ ስራችሁን በሁለት ደቂቃ መናገር ተለማመዱ። የቤት ካርታና የባንክ ደብተር ተሸክማችሁ "እመለሳለሁ" ብላችሁ ማሳመን አይጠበቅባችሁም፣ ኤች ዋን ቢ ግሪን ካርድ ከማሰብ ጋር አይጣላም። ከዲሴምበር 15 ቀን 2025 ወዲህ ግን ሶሻል ሚዲያችሁን ለሁሉም ክፍት እንድታደርጉ ይጠየቃል።

አንዴ ከገባችሁ መጀመሪያ ሶስት አመት፣ ቢበዛ ስድስት አመት ነው፣ ቀጣሪው ግሪን ካርድ በጊዜ ከጀመረላችሁ ከዛም ያልፋል። ስራ መቀየር ይቻላል፣ አዲሱ ቀጣሪ ፔቲሽኑን ባስገባበት ቀን እዛ መጀመር ትችላላችሁ። ስራ ከቆመባችሁ ሌላ ቀጣሪ ለማግኘት ወይ ለመውጣት ቢበዛ 60 ቀን አላችሁ፣ ከማብቂያ ጊዜው በፊት ካባረሯችሁ ደሞ የመመለሻ ትኬት ወጪው የቀጣሪው ነው።

መግባት ምትችሉት ፔቲሽኑ ሊጀምር 10 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ነው፣ እስኪጀምር ድረስ መስራት ግን አይቻልም። ኤርፖርት ላይ ስታልፉ ከዛው ቀን አይ 94ታችሁን (የመግቢያ መዝገባችሁን) ከመንግስት ድረገጽ አውርዱና ቀኑን እዩት፣ ምትቆዩበትን ጊዜ ሚወስነው ቪዛው ሳይሆን እሱ ነው፣ እና ፓስፖርታችሁ ከፔቲሽኑ ቀድሞ ሚያልቅ ከሆነ ቀኑን በፓስፖርቱ ልክ ሊያሳጥሩት ይችላሉ፣ ስለዚ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ፓስፖርታችሁን አሳድሱ።