የዋጋ ግምት ሶፍትዌሩ ለምን ያከስራል? ችግርና መፍትሄ

የዋጋ ግምት ማውጫ ሶፍትዌር ምረጥልን ብለው ከሚመጡት አብዛኞቹ ጀማሪዎች አይደሉም። አንዱን ገዝተው የተቃጠሉ ናቸው። ኤሌክትሪሽያን፣ የቧንቧ ባለሙያ፣ ቀለም ቀቢ፣ የሴራሚክ ሠራተኛ። ስለዚህ ከችግሩ ልነሳ። ማስታወቂያ ላይ ከተደረደረው ዝርዝር ይልቅ ያከሰራችሁ ነገር ምን መግዛት እንዳለባችሁ በደንብ ይነግራችኋል። ፓስወርዱን፣ ኢንተርኔቱንና አፕዴቱን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ምልክት፦ ሥራ ሞልቷል፣ ኪስ ግን ባዶ ነው

ይሄኛውን ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም።

አንድ ኤሌክትሪሽያን ላፕቶፑን ይዞ መጣ። በተከታታይ ስድስት ሥራ አስረክቧል፤ የሠራተኛ ደሞዝ የከፈለው ግን ተበድሮ ነው። ረዳቱ ሽቦ ይሰርቀኛል ብሎ ጠርጥሮ ልጁን አባርሮታል። ቁጭ ብለን የተገዛውን ሽቦ ከተዘረጋው ጋር ጥቅል በጥቅል አስተያየን። ቁርጥራጩን ጨምረን ስንደምር የጎደለ ነገር የለም። ከዚያ ሶፍትዌሩን ከፈትነው። «ትርፍ» የሚል አንድ ሳጥን አለ። ውስጡ 25 ተጽፏል።

ሰውዬው 25 ሲጽፍ፣ ከሚያስከፍለው ዋጋ ሩቡ የኔ ነው ብሎ ነው። ሶፍትዌሩ ደግሞ 25 በመቶውን ወጪው ላይ ይጨምራል። ወጪው 80,000 ከሆነ ዋጋው 100,000 ይወጣል። ከ100,000 ውስጥ 20,000 ደግሞ 20 በመቶ እንጂ 25 በመቶ አይደለም። ሩቡን ማግኘት ከፈለገ 80,000ን ለ0.75 ማካፈል ነበረበት። ያኔ ዋጋው ወደ 106,667 ይሆናል።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን የቢሮ ኪራይ፣ መኪና፣ ስልክና የመሣሪያ ጥገና ከሽያጩ 15 በመቶ ይወስዳሉ እንበል። ከ100,000 ላይ 15,000 ሄደ፤ 5,000 ቀረ። ባሰበው መንገድ ቢያሰላው ግን ከ10,000 በላይ ይተርፈው ነበር። በዚህ ላይ ደንበኛው «እስቲ አምስት በመቶ ቀንስልኝ» ይላል። እሱም ገና ብዙ ትርፍ ያለው መስሎት እሺ ይላል። በቃ፣ ያ ሥራ በነፃ ተሠራ። ስድስቱም እንደዚያ ነበሩ። ሰውዬው ስሌቱን አይቶ ዝም አለ። በማግስቱ ልጁን ደውሎ መለሰው።

ወጪ ላይ የሚጨመረው ማርክአፕ ነው። ከሽያጩ ላይ የሚቀረው ማርጂን ነው። ሁለቱን ጠቅልሎ «ትርፍ» ብሎ የሚያልፍ ሶፍትዌር አትግዙ። በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት። ሁለቱንም ጎን ለጎን የሚያሳይ ፈልጉ።

መፈተሻው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። 100 ወጪ ያለው አንድ ዕቃ አስገቡ። ትርፍ የሚለው ላይ 20 ጻፉ። ዋጋው 120 ካለ ማርክአፕ ነው፤ 125 ካለ ማርጂን ነው። ከመክፈላችሁ በፊት፣ በሙከራው ጊዜ አድርጉት። ከዚያ የጉልበት መስመር ጨምራችሁ ድገሙት፤ ትርፉን ዕቃው ላይ ብቻ ጨምሮ ጉልበቱን በወጪው የሚያልፍ አጋጥሞኛል። አንድ ቀለም ቀቢ ሥራው ከሞላ ጎደል ጉልበት ሆኖ ሳለ ለወራት ትርፉን የሚያገኘው ከቀለሙ ብቻ ነበር።

ተጠንቀቁ፦ ቁጥሩን ከማረማችሁ በፊት የላካችሁትን ዋጋ ሁሉ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። አንዳንዱ ሶፍትዌር ዋናውን ቁጥር ስትቀይሩ የቆዩትን ግምቶች አብሮ ይቀይራል። ደንበኛው እጅ ያለው ወረቀትና እናንተ ስክሪን ላይ ያለው ዋጋ ይለያያል፣ ጭቅጭቁም ከዚያ ይጀምራል። ተጠንቀቁ፦ ሸሪክ ካላችሁ እሱም የራሱን ኮምፒውተር ያስተካክል። ደግሞ የጉልበት ሂሳብ ውስጥ የቀን ክፍያውን ብቻ አታስገቡ። መንገዱ፣ ዕቃ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ሰዓትና ጠርጎ መውጣቱም ጉልበት ነው።

ምልክት፦ ከፕላን ላይ የተለካው ስፋት እጅግ አንሶ ይወጣል

ፕላኑ ለኤ1 ወረቀት ተሠርቶ በኤ3 ተቀንሶ የተቀመጠ ፋይል ነው። ርዝመቱ በግማሽ ያንሳል፤ ስፋቱ ደግሞ ሩብ ይሆናል። ስኬሉን፣ ማለትም ፕላኑ ከእውነተኛው ልክ በስንት እጥፍ እንዳነሰ የሚናገረውን ቁጥር፣ ፕላኑ ላይ ከተጻፈው አትውሰዱ። ፕላኑ ላይ ልኬቱ የተጻፈበትን ረጅም ግድግዳ ይዛችሁ ሶፍትዌሩን በሱ አስተካክሉ። በር ይዞ ማስተካከል አይሆንም፤ አጭር መስመር ላይ የምትሳሳቷት ትንሽ ነገር ቤቱ ሁሉ ላይ ትባዛለች። ይሄን ማስተካከያ የሌለው ሶፍትዌር ለልኬት አይሆንም።

ምልክት፦ ሴራሚኩ ሁሌ ያንሳል

ብክነት አልተያዘም። ቀጥ ብሎ ለሚነጠፍ 10 በመቶ፣ በሰያፍ ለሚነጠፍ 15 በመቶ ጨምሩ። ሶፍትዌሩ ወደ ሙሉ ካርቶን ማጠጋጋቱንም እዩ።

ምልክት፦ ዋጋው ከገበያው ጋር አይገናኝም

አብሮት የመጣውን የዋጋ ዝርዝር ተጠቅማችኋል። ማን፣ የት፣ መቼ እንደሞላው አይታወቅም። አጥፉትና በደረሰኛችሁ ሙሉት። ከእያንዳንዱ ዋጋ አጠገብ የተሞላበትን ቀን የሚያሳይ ሶፍትዌር ምረጡ።

ምልክት፦ ተገዝቶ በወሩ ተተወ

ለትልቅ ድርጅት የተሠራ ነው። ያለቁ ሦስት ሥራዎቻችሁን በሙከራው ጊዜ አስገቡና ያወጣውን ዋጋ በእውነት ካወጣችሁት ወጪ ጋር አስተያዩ። አንዱን ሥራ ለማስገባት ግማሽ ቀን ከፈጀባችሁ ለናንተ አይደለም።

ምልክት፦ ሳይት ላይ የተሞላው ጠፋ

ኔትወርክ ሲቋረጥ አያስቀምጥም ማለት ነው። ስትሞክሩት የስልካችሁን ዳታ አጥፍታችሁ ሙሉ፣ ዝጉት፣ መልሳችሁ ክፈቱት።

ምልክት፦ ወደ ሌላ መቀየር አልተቻለም

መረጃውን ወደ ኤክሴል አያወጣም። ይሄን ከመግዛታችሁ በፊት ራሳችሁ አውጥታችሁ እዩ። «ይቻላል» የሚለውን የሻጭ ቃል አትመኑ። ፋይሉን ክፈቱና መጠን፣ ነጠላ ዋጋና ድምር በየዓምዳቸው መኖራቸውን አረጋግጡ።