የዴስክቶፕ ፕሮግራም ገጽታ መሥሪያ ሲመረጥ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ለሱቅ፣ ለመድኃኒት ቤትና ለጽሕፈት ቤት ፕሮግራም የምንሠራ ሰዎች ገጽታውን በየትኛው መሣሪያ እንደምንሠራ የምንወስነው አብዛኛውን ጊዜ የራሳችንን ላፕቶፕ እያየን ነው። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል፤ ፕሮግራሙ የሚኖረው ባንኮኒ ላይ በተቀመጠው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነውና። ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ መድኃኒት ቤት የሠራሁትን የዕቃ መመዝገቢያ ልጭን የሄድኩ ዕለት ኮምፒውተሩ 2 ጊጋባይት ራም ያለውና በዊንዶውስ 7 የሚሠራ ሆኖ አገኘሁት፤ እኔ የመረጥኩት መሣሪያ ግን ከዊንዶውስ 10 በታች አይነሳም ነበር። አስቀድሜ ሄጄ ባየው ኖሮ የሁለት ወር ድካሜ ባልባከነ። ከገጽታ መሥሪያዎቹ መካከል ኪውት (Qt) 6ም ሆነ ኤሌክትሮን (Electron) ከ23ኛው ዕትሙ ጀምሮ ዊንዶውስ 7ን እንደማይደግፉ ከመጀመሪያው ማወቅ ያስፈልጋል። ኤሌክትሮን በእያንዳንዱ ፕሮግራም ውስጥ ክሮሚየም የተባለውን የድር ማሰሻ በሙሉ ስለሚያካትት ባዶ መስኮት እንኳ ከ100 ሜጋባይት በላይ ቦታ ይይዛል። ታውሪ (Tauri) የተባለው ሌላው መሣሪያ የኮምፒውተሩን የራሱን የድር ማሳያ ስለሚጠቀም በጣም ያንሳል፤ ማሳያው ያልተጫነበት ዊንዶውስ ላይ ግን እሱንም አብሮ መጫን ግድ ይሆናል።

ሁለተኛው ስህተት አማርኛን በማሳያ ብቻ መፈተን ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ውስጥ ስለገባ ጽሑፉ በአብዛኞቹ መሣሪያዎች በደንብ ይታያል፤ ችግሩ የሚመጣው ሲጻፍ ነው። «ጎንደር» ብሎ ለመጻፍ መጀመሪያ «ግ» ይመጣል፤ ቀጥሎ አናባቢው ሲነካ ወደ «ጎ» መለወጥ አለበት። አንዳንድ የጽሑፍ ሳጥን የቀደመውን ፊደል ሳያጠፋ «ግጎንደር» ብሎ ያስቀራል፤ በዚህ መልክ የተመዘገበ ስም ደግሞ በኋላ ቢፈለግ አይገኝም። ስለዚህ አንድ የጽሑፍ ሳጥንና አንድ ሠንጠረዥ ብቻ ያለው መስኮት ሠርቶ፣ ደንበኛው በሚጠቀምበት ኪቦርድ፣ በደንበኛው ኮምፒውተር ላይ መሞከር ይገባል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የቀን ነገርም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በመድኃኒቱ ካርቶን ላይ የታተመው የማብቂያ ቀን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲሆን ገንዘብ ተቀባይዋ ደረሰኝ የምትቆርጠው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ጳጉሜን ላይ ስትደርስ 12 ወር ብቻ የሚያውቅ የቀን መምረጫ ያስቆማታል። የማይክሮሶፍቱ ዶትኔትና (.NET) ኪውት አብረዋቸው ከሚመጡት የዘመን አቆጣጠሮች መካከል የኢትዮጵያው የለም፤ ኤሌክትሮንና ታውሪ የሚጠቀሙበት የጃቫስክሪፕት ቋንቋ ግን ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጻፍ ይችላል። የቀን መምረጫውን ራሳችን መሥራት ካለብን ጊዜውን ከውል በፊት ማስላት ይበጃል።

በመጨረሻም ፈቃዱን ሳያነቡ መሸጥ አለ። ኪውት በነፃ ይገኛል ሲባል ክፍሎቹ ሁሉ በአንድ ፈቃድ የተሰጡ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙዎች የሽያጭ ግራፍ የሚሠሩበት ኪውት ቻርትስ በነፃ የሚሰጠው በጂፒኤል ፈቃድ ነው። ይህም ማለት ለደንበኛው የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ መስጠት ወይም የንግድ ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል።